“ካርታው አለን” ማለት ምን ማለት ነው? በአጎራባች ክልሎች የካርታ መረጃ ልውውጥ ላይ የተደረገ ክርክር ከነመልሶቹ

የመነሻ ጽሑፉ

ክሩን፣ ማለትም በኢንተርኔት መድረክ ላይ በመልስ የተያያዘውን ውይይት፣ የከፈተው ሰው ጥያቄና አቤቱታ አንድ ላይ ይዞ ነው የመጣው። አንድ ወንዝ የሚጋሩ ሦስት አጎራባች ክልሎች አሉ እንበል ይላል። እያንዳንዳቸው የመንገድ፣ የድልድይ፣ የጤና ተቋም፣ የመጠለያና የጎርፍ ተጋላጭነት ካርታ አላቸው። ወንዙ ሲሞላ ግን በላይኛው ተፋሰስ ያለው ክልል ለታችኛው የሚልከው ፒዲኤፍ ነው። ፒዲኤፉ ያምራል፤ ርዕስ፣ አርማ፣ የሰሜን ቀስት ሁሉ አለው። ከውስጡ ግን አንዲት ድልድይ እንኳ መዝዞ ከራስ መረጃ ጋር ማጋጠም አይቻልም። ስለዚህ ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ ከአደጋው በፊት መለዋወጥ ያለብን ትንሹ ጥቅል የቱ ነው? በምን ዓይነት ፋይል? ማንስ ያድሰዋል? ከዚያ መልሱን ሳይጠብቅ የራሱን ይሰጣል፤ ሁሉም ያለውን ሁሉ በአንድ የጋራ ድረ ገጽ ላይ ቢጭን ነገሩ ያበቃለታል ባይ ነው። ክሩን ያስረዘመችው ይህች የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ናት።

መልስ 1

በትሕትና ይጀምራል፤ ጠያቂው ችግሩን በትክክል እንዳስቀመጠው ይመሰክርለታል። ከዚያ ትንሹን ጥቅል ይቆጥራል፦ የአስተዳደር ወሰን ከነኮዱ፣ መንገድ፣ ድልድይና መሻገሪያ፣ ጤና ተቋም፣ መጠለያ መሆን የሚችሉ ሕንፃዎች፣ የውኃ ነጥብ፣ ወንዝ ከነመለኪያ ጣቢያው። ሰባት ሌየር፣ ማለትም ሰባት የካርታ ንብርብር። ከዚህ በላይ የጠየቀ ምንም ሳያገኝ ይቀራል ይላል። ይሁንና የሚያስጨንቀው የሌየሩ ብዛት ሳይሆን ዓምዶቹ ናቸው። ለድልድይ መለያ ቁጥሩ፣ የሚሸከመው ክብደት በቶን፣ ስፋቱ በሜትር፣ ከላይ ብረት ካለው የከፍታ ገደቡ፣ አሁን ያሳልፋል ወይስ አያሳልፍም የሚለው፣ ይህ የተረጋገጠበት ቀን፣ ያረጋገጠው አካል። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ባዶ ከሆኑ የቀሩት እንዳልተሞሉ ይቆጠሩ ይላል፤ የፋይሉ ቀን የድልድዩ ቀን አይደለምና። ትናንት ሴቭ የተደረገ ፋይል ውስጥ የአሥር ዓመት መረጃ ሊኖር ይችላል።

መልስ 2

ስለ ፋይሉ ዓይነት ነው፤ ከሁለቱ የካርታ መረጃ ፋይል ዓይነቶች ሼፕፋይል ይቅር፣ ጂኦፓኬጅ ይሁን የሚል፣ ምክንያቱንም በባይት ቆጥሮ የሚያቀርብ። ሼፕፋይል አንድ ፋይል አይደለም። ቅርጹ፣ ማውጫውና ሠንጠረዡ ሦስት ፋይሎች ሲሆኑ ፕሮጀክሽኑን፣ ማለትም ምድር በካርታ ላይ የተዘረጋበትን ስልት፣ እና የፊደል አቀማመጡን የሚናገሩት ደግሞ ሌሎች ሁለት ናቸው። በኢሜይል ሲላክ ተረስተው የሚቀሩትም እነዚያው ሁለቱ ናቸው። የዓምድ ስም ከ10 ባይት አያልፍም። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 (በኮምፒውተር የፊደል መጻፊያ ሥርዓት) 3 ባይት ስለሚወስድ ስሙ በሦስተኛው ፊደል ላይ ይቆረጣል፤ አሥረኛው ባይት የአራተኛው ፊደል ስባሪ ሆኖ ይንጠለጠላል። የድልድይ ስም እና የድልድይ ስፋት ተብለው የተሰየሙ ሁለት ዓምዶች ሲቀመጡ ሁለቱም “የድል” ሆነው ይገኛሉ፤ ፕሮግራሙም ለመለየት ያህል አንዱ ላይ ቁጥር ይለጥፍበታል። የጽሑፍ ዓምድም ከ254 ባይት ስለማይበልጥ በግዕዝ የሚይዘው 84 ፊደል ብቻ ነው፤ የመዳረሻ መግለጫ መሀል መንገድ ላይ ይቆረጣል። ጂኦፓኬጅ ግን የካርታ መረጃ ደረጃዎችን በሚያወጣው በኦጂሲ እ.ኤ.አ. በ2014 የጸደቀ ደረጃ ሲሆን ሁሉንም ሌየር በአንድ የኤስኪውላይት (የመረጃ ቋት) ፋይል ይይዛል፤ የዓምድ ስም ርዝመትም አያስጨንቀውም።

መልስ 3

ለመሳቅ የመጣ ይመስላል፤ ማን እንዳሸነፈ የማይታወቅ የድል ዓምድ በማለት ይቀልዳል። ቀልዱ ግን ቁም ነገር ተከትሎታል። በሼፕፋይል ሠንጠረዥ ውስጥ ባዶ የቁጥር ሕዋስ ብዙ ጊዜ ወደ 0 ይለወጣል። ያልተለካ ድልድይ 0 ቶን የሚሸከም ይሆናል፣ አልጋው ያልተቆጠረ ጤና ጣቢያ 0 አልጋ ያለው ይሆናል። መንገድ የሚመርጠው ፕሮግራም ድልድዩን ይዘላል፤ እርዳታ የሚመድበው ሰው ደግሞ በተቃራኒው ጤና ጣቢያው ምንም እንደሌለው ቆጥሮ ሌላውን ይረሳል። ባዶ መሆን ያለበትን በ-9999 መሙላትም መፍትሔ አይደለም ይላል፤ አንድ ሰው ሳያጣራ ድምር ከሠራ የክልሉ አልጋ ከዜሮ በታች ይወርዳል።

መልስ 4 እና 5

4ኛው ለሼፕፋይል ይሟገታል። በአደጋ ሰዓት ተቀባዩ የትኛውን ፕሮግራም እንደሚጠቀም አይታወቅም፣ ሼፕፋይል የማይከፍት ፕሮግራም ደግሞ የለም ባይ ነው። የዓምድ ስሙን በላቲን ፊደል አሳጥሮ ማስቀመጥ፣ ትርጉሙን ለብቻ በመዝገበ ቃል ሠንጠረዥ መስጠት ይበቃል ይላል። 5ኛው የመልስ 2 ጸሐፊ ተመልሶ ነው፤ ግማሹን ይቀበላል። አጭር የዓምድ ስምና መዝገበ ቃል በየትኛውም ፋይል ቢሆን ይደግፋል፤ ሼፕፋይሉን ግን ለሚጠይቅ ብቻ ከጂኦፓኬጁ አውጥቶ መስጠት እንጂ እንደ ዋና ቅጂ መያዝ አይገባም ይላል። ሁለቱም እርስዎ እየተባባሉ፣ እየተመሰጋገኑ ነው የተለያዩት። ይህ እስከ መጨረሻው አልዘለቀም።

መልስ 6

ረጅሙና በእኔ ሚዛን ከክሩ ሁሉ የሚጠቅመው ይህ ነው። የሚያወራው መጋጠሚያው በየትኛው ሥርዓት እንደተጻፈ ነው። ቦታን በሜትር የሚናገረው ዩቲኤም የሚባል የመጋጠሚያ ሥርዓት ምድርን እያንዳንዳቸው 6 ዲግሪ በሚሰፉ 60 ዞኖች ይከፍላል። በእያንዳንዱ ዞን ውስጥ የምሥራቅ ቁጥሩ ከ500,000 ሜትር እየተነሣ የሚቆጠር ስለሆነ ያው ቁጥር በሁሉም ዞን ውስጥ አለ። ተፋሰሱ የዞን ድንበር የሚያቋርጥ ከሆነና አንዱ ክልል ዞኑን ሳይጽፍ ከላከ፣ ተቀባዩ በራሱ ዞን ሲከፍተው ድልድዩ 6 ዲግሪ ይሸሻል፤ በምድር ወገብ አካባቢ ይህ ወደ 670 ኪሎ ሜትር ነው። ይህ እንኳ ደህናው ስሕተት ነው ይላል፤ ድልድዩ ባሕር ላይ ሲያርፍ ማንም ያየዋልና። ክፉው የዳተም፣ ማለትም መጋጠሚያው የሚቆጠርበት የምድር ቅርጽና መነሻ፣ ስሕተት ነው። አሮጌ የአገር ውስጥ ዳተም ላይ የተሠራ ካርታ ጂፒኤስ በሚጠቀምበት በደብሊውጂኤስ84 ላይ ሲጫን ከመቶ ሜትር በላይ ሊንሸራተት ይችላል። ጤና ጣቢያው ከወንዙ ወዲህ የነበረው ወዲያ ማዶ ይታያል፣ ካርታውም ትክክል ይመስላል።

ቀጥሎ በተግባር የሚሳሳቱበትን ቦታ ያሳያል። ኪውጂአይኤስ በሚባለው የካርታ ፕሮግራምም ሆነ በሌላው ሁለት የሚመሳሰሉ ትእዛዞች አሉ፦ አንዱ ፋይሉ በየትኛው ሥርዓት እንዳለ መንገር፣ ሌላው ከአንዱ ሥርዓት ወደ ሌላው ማስላት። የመጀመሪያው ቁጥሮቹን አይነካም፣ ስማቸውን ብቻ ይቀይራል። አንድ ሰው መቀየር ሲፈልግ ስሙን ብቻ ከቀየረ ከዚያ በኋላ የፋይሉ መለያ ይዋሻል፤ የሚቀጥለው ተቀባይም ውሸቱን አምኖ ያሰላል። ስለዚህ ለልውውጥ ሁሉም ወደ ኢፒኤስጂ 4326 (የደብሊውጂኤስ84 ኬክሮስና ኬንትሮስ በዲግሪ የሚጻፍበት ሥርዓት ኮድ) ይቀይር፣ ከየጥቅሉም ጋር ሦስት የማረጋገጫ ነጥቦች ይላኩ ይላል። ነጥቦቹ በሳተላይት ምስል ላይ በግልጽ የሚታዩ ይሁኑ፣ እንደ ድልድይ ጫፍ ወይም የመንገድ መገናኛ፤ መጋጠሚያቸውም በጽሑፍ ይሰጥ። ተቀባዩ ከፍቶ ያያል፤ ከ5 ሜትር በላይ ከራቁ ጥቅሉን አይቀበልም፣ ስልክ ይደውላል።

መልስ 7 እና 8

7ኛው ለ6ኛው ማሟያ ነው። 4326 ማለት ብቻውን አይበቃም፣ ቅደም ተከተሉም ይለያያል ይላል። ጂኦጄሰን የሚባለው የካርታ ፋይል ዓይነት ኬንትሮስን ያስቀድማል። ማስጠንቀቂያ የሚተላለፍበት የጋራ የማስጠንቀቂያ ፕሮቶኮል፣ ሲኤፒ የሚባለው፣ ኬክሮስን ያስቀድማል፤ የቦታው ዙሪያ መስመርም የመጀመሪያውና የመጨረሻው ነጥብ አንድ እንዲሆኑ ያስገድዳል። ስለዚህ የጎርፍ ክልሉን ከካርታው ገልብጦ ማስጠንቀቂያው ላይ የለጠፈ ሰው ማስጠንቀቂያውን ለሌላ አገር ሊልክ ይችላል። 8ኛው ከፋይል ወደ ሬዲዮ ይወርዳል። 9 ዲግሪ ከ30 ደቂቃ ማለት 9.5 ነው፤ በሬዲዮ ተነቦ 9.30 ተብሎ ከተጻፈ 0.2 ዲግሪ፣ ማለትም 22 ኪሎ ሜትር ያህል ይሳሳታል። ሄሊኮፕተር የሚያበሩ ሰዎች ዲግሪና ደቂቃን ከነአሥርዮሹ ይጠቀማሉ፣ የካርታ ሰዎች ዲግሪን በአሥርዮሽ፤ ሁለቱ በአንድ ሬዲዮ ላይ ሲገናኙ ማን ምን እንዳለ ሳይጠየቅ መጻፍ የለበትም ይላል። የመገናኛ ቅጹ ላይ ሳጥኖቹ አስቀድመው ይሣሉ፦ ዲግሪ፣ ደቂቃ፣ ፊደል። ሳጥን የሌለው ባዶ መስመር ስሕተት ይጋብዛል።

መልስ 9 እና 10

እዚህ ላይ ክሩ ትንሽ ወጣ ይላል። 9ኛው ስለ ልኬት ስሕተት ከተነሣ ዘንድ ብሎ የላውፈንቡርግን ድልድይ ያስታውሳል። ጀርመንና ስዊዘርላንድ በራይን ወንዝ ላይ ሲገነቡት ጀርመን የባሕር ወለልን ከሰሜን ባሕር፣ ስዊዘርላንድ ደግሞ ከሜዲትራኒያን ትቆጥር ነበር። ልዩነቱ 27 ሳንቲ ሜትር መሆኑ ይታወቅ ነበር፤ ታስቦበትም ነበር። ሲታረም ግን በተገላቢጦሽ ተደመረና እ.ኤ.አ. በ2003 በሁለቱ ወገን መካከል 54 ሳንቲ ሜትር ተገኘ። 10ኛው ይህ ጨዋታ አይደለም፣ ለጎርፍ ካርታ ዋናው ጉዳይ ነው ብሎ ያዘው። በጂፒኤስ የተለካ ከፍታ ከኤሊፕሶይድ (ምድርን ከሚወክለው የሒሳብ ቅርጽ)፣ የመለኪያ ጣቢያው ከፍታ ከባሕር ወለል ሊቆጠር ይችላል፤ እንደ ቦታው በሁለቱ መካከል እስከ መቶ ሜትር የሚጠጋ ልዩነት አለ። አንዱ ክልል የወንዙን ከፍታ በአንዱ፣ ሌላው በሌላው ከሰጠ ውኃው ዳገት ይወጣል። ከፍታ የሚሰጥ ሁሉ መነሻውን በራሱ ዓምድ ይጻፍ ይላል። ነፃ የከፍታ መረጃ የሚጠቀሙትንም ያስጠነቅቃል፤ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2000 በመንኮራኩር የተሰበሰበው ኤስአርቲኤምም ሆነ ኮፐርኒከስ የሚባለው የአውሮፓ የምድር ምልከታ ፕሮግራም የሚሰጠው ባለ 30 ሜትሩ ከፍታ የሚለኩት ምድሩን ብቻ አይደለም፤ ዛፉና ጣሪያው አብሮ ይገባበታል። ጥቅጥቅ ያለ ደን ያለበት የወንዝ ዳር ጎርፍ የማይደርስበት ጉብታ መስሎ ይታያል።

መልስ 11

ወሰኑ ላይ ስላለው ክፍተት ነው፤ እንደ ድርጅት ሳይሆን እንደ መንገድ ቀያሽ የሚያስብ ሰው የጻፈው መሆኑ ያስታውቃል። ሁለት ክልሎች የየራሳቸውን መንገድ እስከ ወሰኑ ሥለው ያቆማሉ። ወሰኑ ወንዝ ከሆነ ድልድዩ ሁለት ጊዜ ይመዘገባል፣ በሁለት መለያ፣ በሁለት የክብደት ገደብ። ወይም እያንዳንዱ የሌላው ነው ብሎ ስለሚተወው ጨርሶ አይመዘገብም። መስመሮቹም አይገናኙም፤ የአንዱ መንገድ ከሌላው 3 ሜትር ቀርቶት ያልቃል። በዓይን ሲታይ የተገናኘ ነው፣ መንገድ የሚፈልገው ፕሮግራም ግን መጨረሻ ነው ብሎ አምቡላንሱን ዙሪያ ጥምጥም ይልከዋል። መድኃኒቱ ሁለት ነው ይላል፦ እያንዳንዱ ክልል ከወሰኑ 5 ኪሎ ሜትር አልፎ ያለውንም አብሮ ይስጥ፤ በወሰን ላይ ያለ ድልድይ ባለቤቱ ማን እንደሆነ በአንድ ደንብ ይወሰን፣ ለምሳሌ ጥገናውን የሚከፍለው። ያልተገናኙ ጫፎችን ደግሞ ፕሮግራሙ በ20 ሜትር ርቀት ውስጥ ራሱ ያገናኛቸው።

መልስ 12

ይቺን 20 ሜትር አላለፋትም። በ20 ሜትር የሚያገናኝ ከላይ የሚያልፈውን መንገድ ከሥሩ ከሚያልፈው ጋር ያጣብቃል፤ ጎን ለጎን የሚሄዱ ሁለት መንገዶችንም አንድ ያደርጋል። በራሱ ማገናኘት ከ1 ሜትር አይለፍ፤ ከ1 እስከ 20 ሜትር ያሉትን ፕሮግራሙ ይዘርዝራቸውና ሰው አንድ በአንድ በምስል ላይ ይያቸው። በወሰን ላይ ያሉት ጥቂት ናቸው፣ ከሰዓት በኋላ አንድ ሰው ይጨርሳቸዋል። 11ኛው ልክ ነዎት ብሎ ቁጥሩን አረመ።

መልስ 13፣ 14፣ 15፣ 16

13ኛው ስለ ኮድ ያነሣል፤ ሠንጠረዦችን በቦታ ስም ማጋጠም ከንቱ ድካም ነው፣ የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ ጉዳዮች ማስተባበሪያ ቢሮ (ኦቻ) የሚጠቀምበት ፒ-ኮድ የተባለው የቦታ መለያ ይግባ ይላል። ኤክሴል ግን መነሻውን ዜሮ እየበላ ኮዱን ያበላሻል ብሎ ያክላል። 14ኛዋ ጸሐፊ አረመችው፦ ፒ-ኮድ በሁለት የአገር ፊደላት ስለሚጀምር ኤክሴል እንደ ጽሑፍ ይይዘዋል፣ ዜሮውም አይጠፋም። የሚጠፋው በቁጥር ብቻ የተጻፈው የስታቲስቲክስ ኮድ ነው፤ 0407 የነበረው 407 ሆኖ ይመጣል፣ ሠንጠረዡም ከካርታው ጋር አይጋጠምም። ሲኤስቪውን (በተራ ጽሑፍ የተቀመጠውን ሠንጠረዥ) በሁለት ጠቅታ መክፈት ይቅር፣ በማስገቢያው በኩል ዓምዱን ጽሑፍ ነው ብሎ መክፈት ነው ያለባችሁ ትላለች። ሌላም አከለች፤ ወሰን ሲከፈል አሮጌው ኮድ ለሌላ ቦታ በድጋሚ እንዳይሰጥ፣ አሮጌና አዲስ ኮድ ጎን ለጎን የሚያሳይ ሠንጠረዥ አብሮ ይላክ።

15ኛው በስም ማጋጠም ለምን እንደማይሠራ በፊደል ያስረዳል። ሐይቅን አንዱ በሐመሩ ሐ፣ ሌላው በሃሌታው ሀ ጽፎት ይገኛል። ፀሐይ እና ጸሀይ ለአንባቢ አንድ ናቸው፣ ለኮምፒውተር ግን ሁለት ቃላት። ኅዳግን፣ ዓለምን፣ ሠፈርን ይጨምራል። ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል ሁለተኛ ዓምድ ተከፍቶ ሐ፣ ኀና ኸ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ይቀየሩበት፣ የመጀመሪያው አጻጻፍ ግን አይነካ ይላል። ምክሩ ጥሩ ነበር። ይሁንና ከሥሩ ሦስት ሰዎች ኸ እዚህ ውስጥ መግባት አለበት የለበትም በሚል ተያያዙና፣ ሞክሼ ፊደላት ይቀነሱ ወይስ ይኑሩ ወደሚለው የማያልቅ ጉዳይ ገቡ። 16ኛው ጎርፉ እየመጣ ነው፣ ፊደሉን በኋላ እንመለስበታለን ብሎ በአንድ መስመር ቆረጠው።

መልስ 17

ከዚህ ጀምሮ ድምፁ ይለወጣል። 17ኛው በቀጥታ የመነሻ ጽሑፉን የድረ ገጽ ሐሳብ ይመታል። አደጋ ሲደርስ መጀመሪያ የሚጠፋው መብራትና ኔትወርክ ነው፤ ድረ ገጹ ባለበት ከተማ አደጋው ቢደርስስ ብሎ ይጠይቃል። የኒውዮርክን ያነሣል፦ እ.ኤ.አ. መስከረም 11 ቀን 2001 የከተማዋ የአደጋ ጊዜ ማዕከል የነበረው በዓለም ንግድ ማዕከል 7ኛው ሕንፃ ውስጥ ነበር፤ ሕንፃው በዚያው ቀን ፈረሰ። የካርታ ሥራው በፒር 92 ወደብ ላይ ከባዶ ተነሣ፤ የቻለውም የመሠረት ካርታው ቅጂ በሃንተር ኮሌጅ ስለነበረ ነው። የጋራ ድረ ገጽ ማለት እንግዲህ ሁሉንም እንቁላል ለአንዲት ዶሮ መስጠት ነው ይላል። (ምሳሌው ትንሽ ተንገዳግዷል፤ ሐሳቡ ግን ቆሟል።) እሱ የሚለው ጥቅሉ በየሦስት ወሩ በሃርድ ዲስክ ለሁሉም ይላክ፣ ከፋይሉ ጋር የሻ-256 አሻራው (ፋይሉ ከተነካ የሚለወጥ መለያ) ይጻፍ፣ ተቀባዩም ኢንተርኔት በሌለው ኮምፒውተር ላይ ይክፈተው። የስልክ ካርታውም አስቀድሞ ይጫን፤ ግን የማጉላት ደረጃ አንድ በጨመረ ቁጥር የምስል ቁራጮቹ አራት እጥፍ ስለሚሆኑ ከ12 ወደ 16 መውጣት በዚያ ደረጃ 256 እጥፍ ቁራጭ ነው፤ ለመላው ተፋሰስ 16 መጠየቅ ዲስኩን መሙላት ብቻ ይሆናል። ለወረቀቱም 1 ለ50,000 ይታተም፣ መረቡ ይሣልበት፣ የርቀት መስመሩ ከሥር ይኑር። አታሚው ከገጹ ጋር አስተካክል በሚለው ላይ ከተተወ ካርታው ይጠብና የተጻፈው መጠን ውሸት ይሆናል፤ የተሣለው መስመር ግን አብሮ ስለሚጠብ እውነቱን ይናገራል።

መልስ 18፣ 19 እና 20

18ኛው ጠያቂው ነው፤ ቅር ብሎታል። ድረ ገጹ ቅጂ አይኑረው አላልኩም፣ መረጃውን ደብቆ የሚቀመጠው ቢሮ ይብቃው ነው ያልኩት ይላል፤ ሁሉም ክፍት ይሁን ብሎም ይደግመዋል። 19ኛው በዚህ ቃል ተቆጣ። እስከዚያ እርስዎ የነበረው ንግግር እዚህ አንተ ሆነ። ከጥቃት የሸሹ ሴቶች ያሉበትን መጠለያ፣ የመድኃኒት መጋዘኑን፣ ኦክስጅን በቤቱ የሚጠቀመውን የታመመ ሰው ደጃፍ ለዓለም ልትከፍት ነው ወይ ይለዋል። መረጃ ሰብሳቢው በር አንኳኩቶ ሲጠይቅ ለእርዳታ ነው ብሎ ነበር፤ ለድረ ገጽ ነው አላለም። ጠንከር ያለ ነው፤ አንድ ሁለት ቃል ባይኖርበት ደግ ነበር።

20ኛው ከጠያቂው ጎን ቆመ። እ.ኤ.አ. ጥር 12 ቀን 2010 ሄይቲ ስትናወጥ የዋና ከተማዋ የፖርቶፕሪንስ ክፍት ካርታ ባዶ ነበር ለማለት ይቻላል፤ የሳተላይት ምስሎች በነፃ ሲለቀቁ በጎ ፈቃደኞች ማንም ሊያርመው በሚችለው ክፍት ካርታ፣ በኦፕን ስትሪት ማፕ ላይ መንገዱን በቀናት ውስጥ ሣሉት፣ ፍለጋ የወጡትም ተጠቀሙበት። በኔፓል ደግሞ እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2015ቱ መንቀጥቀጥ አስቀድሞ የካትማንዱ ትምህርት ቤቶችና ሆስፒታሎች በክፍት ካርታው ላይ ተመዝግበው ነበር። መንገድ፣ ድልድይ፣ ሆስፒታል ምን የሚደበቅ ነገር አለው ይላል። የ19ኛው ስጋት ለሦስት ሌየር ትክክል ነው፣ በዚያ ሰበብ ግን ሃያ ሌየር ይቆለፋል ባይ ነው። ለእኔ የክሩ ትክክለኛ መስመር ይህ ነበር።

መልስ 21፣ 22 እና 23

21ኛው ለማስታረቅ መጋጠሚያውን ማጠጋጋት ያቀርባል፦ አምስት አሥርዮሽ አንድ ሜትር ያህል ነው፣ ሁለት አሥርዮሽ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ፤ ስሱን መረጃ በሁለት አሥርዮሽ እንስጥ። 22ኛዋ ጸሐፊ፣ በአነጋገሯ የ14ኛው መልስ ባለቤት ትመስላለች፣ ይህ ገጠር ላይ አይሠራም ትላለች። በዚያ ኪሎ ሜትር ውስጥ አጥር ያለው ሕንፃ አንድ ብቻ ከሆነ ማጠጋጋቱ ማንንም አልደበቀም። የምታቀርበው ሦስት ደረጃ ነው። ክፍት፦ መንገድ፣ ድልድይ፣ ጤና ተቋም፣ ወሰን፣ ወንዝ። በስምምነት፦ መጋዘን፣ የውኃ ማጣሪያ፣ የሠራተኞች ተረኛ ስልክ። ዝግ፦ የቤተሰብ ዝርዝርና የተጠቂዎች መጠለያ፤ እነዚህ በወረዳ ተደምረው በቁጥር ብቻ ይሰጡ፣ ከአሥር በታች የሆነ ቁጥር ራሱ አይጻፍ። ለሁለተኛው ደረጃ አደጋ ሲታወጅ ይሰጣል የሚለውን አንቀጽ አትወደውም፤ አዋጁ የሚፈረመው ውኃው ካለፈ በኋላ ነውና። ይልቅ የተመሰጠረው ፋይል ዛሬ በጎረቤቱ እጅ ይቀመጥ፣ ቁልፉ በሁለቱም ክልሎች ተረኞች ዘንድ በታሸገ ፖስታ ይሁን፣ ሲከፈት ሰዓቱና ከፋቹ ይመዝገብ፣ መቼ እንደሚሰረዝም በስምምነቱ ላይ ቀን ይቆረጥለት። በዓመት ሁለቴ ፖስታው ተቀዶ ይሞከር፤ ያልተሞከረ የይለፍ ቃል የተረሳ የይለፍ ቃል ነው።

23ኛው ስለ ፈቃድ ነው፤ አሰልቺ ነው ብሎ ራሱ ይጀምራል። የኦፕን ስትሪት ማፕ መረጃ ከእ.ኤ.አ. መስከረም 2012 ጀምሮ ኦዲቢኤል በሚባለው የክፍት መረጃ ቋት ፈቃድ ሥር ነው። ከዚያ የጎደለ መንገድ ወስዶ የራስ መንገድ ሌየር ውስጥ የቀላቀለና ያንን ለሕዝብ ያወጣ ሌየሩን በዚያው ፈቃድ የመስጠት ግዴታ ይመጣበታል። ለየብቻ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ግን ግዴታውን አያመጣም። በተቃራኒውም ምንጩ እንዲጠቀስ በሚጠይቀው በሲሲ ባይ 4.0 ፈቃድ የተሰጠ የመንግሥት መረጃ ወደ ኦፕን ስትሪት ማፕ እንዲገባ የባለቤቱ ተጨማሪ ፈቃድ በጽሑፍ ያስፈልጋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ረድፍ ምንጭ የሚል ዓምድ ይኑረው፤ ያለዚያ የተቀላቀለውን መለየት አይቻልም።

መልስ 24

19ኛው ጸሐፊ ተመለሰ፤ እርስዎም ተመለሰ። ይቅርታ አልጠየቀም፣ ይልቅ ሁሉም የረሱትን አነሣ፤ የተጋላጭነት ካርታውን። በካርታው ላይ የተሣለ የጎርፍ መስመር ውጪው ደህና ነው ተብሎ ይነበባል። እ.ኤ.አ. መጋቢት 11 ቀን 2011 በጃፓን የኦካዋ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በሱናሚ ካርታው መሠረት ውኃ ከሚደርስበት ክልል ውጪ ነበር፤ 74 ተማሪዎች አለቁ። ስለዚህ መስመሩ ሲላክ የተሠራበት ግምት አብሮ ይላክ፦ በስንት ዓመት አንዴ ለሚመጣ ጎርፍ፣ በየትኛው የከፍታ መረጃ፣ ግድቡ ይዟል ወይስ ተሰብሯል ተብሎ። ከራዳር ሳተላይት ለሚወጣ የጎርፍ ካርታም እንዲሁ። ሴንቲነል-1 በደመና ውስጥ ያያል፤ ግን አንዱ ሳተላይት ወደዚያው መስመር የሚመለሰው በ12 ቀን ስለሆነ ውኃው በጣም ከፍ ያለበት ጊዜ በመካከል ሊያልፍ ይችላል። ለስላሳ ነገር ሁሉ ጥቁር ሆኖ ስለሚታይ አስፋልትና ደረቅ አሸዋ ውኃ ይመስላሉ፤ ነፋስ የሚያናውጠው ውኃ ደግሞ ይፈካና ደረቅ ይመስላል፣ በሕንፃ መሀል ያለው ውኃም አይለይም። ምስሉ የተነሣበት ቀንና ሰዓት በዓለም አቀፍ ሰዓት ያልተጻፈበትን የጎርፍ ፖሊጎን (ጎርፉን የከበበ ዝግ መስመር) እንዳትቀበሉ ይላል።

መልስ 25 እስከ 28

25ኛው ጠያቂው ነው። ሁሉም በአንድ ድረ ገጽ የሚለውን ዓረፍተ ነገር ከመነሻ ጽሑፉ ሠረዘበት፤ አላጠፋውም፣ መስመር ነው ያሰመረበት። ከሥሩ የናሙና ጥቅል ለጠፈ፦ አንድ ጂኦፓኬጅ፣ የዓምዶች መዝገበ ቃል፣ ሦስት የማረጋገጫ ነጥብ፣ የሻ-256 አሻራ፣ ስንት ረድፍ በየትኛው ሌየር እንዳለ የሚናገር የአንድ ገጽ ጽሑፍ። ማን ያድሰዋል ለሚለው ጥያቄው ራሱ የጻፈው መልስ ድልድዩን የሚጠግነው ክፍል የድልድዩን፣ ጤና ቢሮው የጤናውን የሚል ነው፤ የካርታው ክፍል የሚያጋጥም እንጂ የሚፈጥር አይደለም። በዚህ ማንም አልተከራከረውም።

26ኛዋ ጥቅሉን አውርዳ ከፍታለች። አሻራው ትክክል ነው፣ ነጥቦቹ በ2 ሜትር ውስጥ ናቸው፤ ግን ጽሑፉ 44 ድልድይ ይላል፣ ሌየሩ ውስጥ ያሉት 41 ናቸው። 27ኛው ምክንያቱን በሁለት መስመር ነገረው፦ ፋይሉን የቀዳኸው በኪውጂአይኤስ ተከፍቶ ሳለ ነው። ጂኦፓኬጅ ሲከፈት የቅርብ ጊዜው ለውጥ መጀመሪያ ከጎኑ በሚፈጠረው፣ ስሙ በዋል በሚያልቀው ፋይል ውስጥ ይቀመጣል፤ ፕሮግራሙ ሲዘጋ ነው ወደ ዋናው የሚገባው። የመጨረሻዎቹ ሦስት ድልድዮች እዚያ ቀርተዋል። አሻራው የጎደለውን ፋይል ሳይሳሳት መስክሮለታል ማለት ነው።

28ኛው ጠያቂው ፕሮግራሙን ዘግቶ፣ የዋሉ ፋይል መጥፋቱን አይቶ፣ እንደገና ቀድቶ፣ አዲስ አሻራ አውጥቶ ለጥፏል። 26ኛዋ ከፍታ 44 ብላ ጻፈች።